ላማር ጃክሰን በ2018፦ «ይህ ልጅ በፕሮፌሽናል ሊግ ኳርተርባክ ይሆናል?»

ኤፕሪል 26 ቀን 2018 ምሽት በቴክሳስ፣ አርሊንግተን በሚገኘው ትልቅ ስታዲየም ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶችን ተራ በተራ እየመረጡ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ላማር ጃክሰን ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። አራት ኳርተርባኮች ቀደሙት። ክሊቭላንድ ቤከር ሜይፊልድን በ1ኛ፣ ኒው ዮርክ ጄትስ ሳም ዳርኖልድን በ3ኛ፣ ባፋሎ ጆሽ አለንን በ7ኛ፣ አሪዞና ጆሽ ሮዘንን በ10ኛ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ የተጠሩት ተከላካዮችና የሌላ ቦታ ተጫዋቾች ናቸው። ባልቲሞር ሬቨንስ እንኳ ተራው ሲደርስ በ25ኛ ደረጃ ሌላ ሰው ጠራ። በመጨረሻ ሌሊቱ ሲገፋ ባልቲሞር የዚያን ዓመትና የቀጣዩን ዓመት የሁለተኛ ዙር ምርጫዎቹን ለፊላደልፊያ ሰጥቶ የመጀመሪያውን ዙር የመጨረሻ ቦታ፣ 32ኛውን ወሰደ፤ የጃክሰንም ስም ተጠራ። ልጁ መድረክ ላይ ወጥቶ ክለቡ ከእኔ ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን ዋንጫ፣ ያገኛል ሲል ተናገረ።

የ21 ዓመቱ ወጣት ያን ሁሉ ሰዓት የተቀመጠው ችሎታው ስላልታየ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ፉትቦል ትልቁን ሽልማት፣ ሂስማንን፣ ወስዷል፤ ሽልማቱ በ1935 ከተጀመረ ወዲህ እንደ እሱ በለጋ ዕድሜው የወሰደ የለም። በዚያው በ2016 የውድድር ዘመን ኳስ በመወርወር 3,543 ያርድ፣ በእግሩ ሮጦ ደግሞ 1,571 ያርድ አስመዝግቦ በድምሩ 51 ታችዳውን (ኳሷን ከተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር በማሳለፍ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጥሯል። በ2017ም ተመሳሳይ ነገር ደገመ። ክርክሩ ግን ከዚህ ጋር አልተያያዘም። ጥያቄው በፕሮፌሽናል ሊግ ኳርተርባክ መሆን ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ነበር።

ጨዋታውን እምብዛም ለማይከታተል አንባቢ አንድ ነገር ላብራራ። በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ ማለት ኳሷ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ መጀመሪያ እጁ የምትገባ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ለማን እንደሚያቀብል የሚወስን ሰው ነው። በኮሌጅ ይህን ሥራ በብቃት የሠሩ ብዙዎች ሊጉ ውስጥ ሲገቡ ይጠፋሉ። ምክንያቱ ተከላካዮቹ ፈጣኖች ናቸው፤ በኮሌጅ ነጻ የሚመስለው ተቀባይ በሊጉ ነጻ የሚሆነው ለአንድ እርምጃ ያህል ብቻ ነው። ሜዳው ራሱም ይለያል። ኳሷ የምትቀመጥባቸው ሁለቱ የመስመር ምልክቶች በኮሌጅ ሜዳ 12 ሜትር ያህል ሲራራቁ፣ በሊጉ ግን ወደ 6 ሜትር ይጠጋሉ። ስለዚህ በኮሌጅ አንዱ ጎን ሰፊ ሆኖ ለሯጭ ይመቻል፤ በሊጉ ያ ስፋት የለም። በየዓመቱ የሚነሳው ክርክር የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ጥያቄው በራሱ የሞኝ ጥያቄ አይደለም።

ተጠራጣሪዎቹም ሁሉ በጭፍን የሚናገሩ አልነበሩም። ጃክሰን ሲወረውር ሁለቱ እግሮቹ ይቀራረባሉ፤ አቋቋሙ ጠባብ ስለሆነ ወደ ሜዳው ዳር የሚልካቸው ኳሶች ይስታሉ። በኮሌጅ ሦስት ዓመታት ከወረወራቸው ኳሶች መካከል ተቀባይ እጅ የደረሱት 57 ከመቶ ናቸው፤ ይህ ለሊጉ ዝቅተኛ ነው። የመጨረሻው የኮሌጅ ጨዋታው ደግሞ ለወዳጆቹም አሳፋሪ ነበር፤ ከሚሲሲፒ ስቴት ጋር ባደረጉት ግጥሚያ አራት ኳሶቹ ተጠልፈው ቡድኑ 31 ለ27 ተሸነፈ። ሰውነቱም ቀጭን ነው፤ የሚሮጥ ኳርተርባክ ይሰበራል የሚለው ስጋት የትናንት ትዝታ ነበር። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ሮበርት ግሪፈን ሦስተኛን እናስታውሰዋለን። በ2012 ከተማውን ሁሉ አስጨፍሮ፣ በ2013 ጃንዋሪ ላንዶቨር ሜዳ ላይ ጉልበቱ ከተበጠሰ በኋላ ዳግመኛ ያ ሰው አልሆነም። ስለ ጃክሰን ሲነሳ ብዙዎች የሚጠቅሱት እሱን ነበር።

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ጤነኛ ነው። የታመመው ቀጥሎ ባለው ነጥብ ላይ ነው።

በፌብሩዋሪ 2018 ቢል ፖሊያን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ትንታኔያቸው ላይ ጃክሰን ወደ ኳስ ተቀባይነት ቢዛወር ይሻለዋል አሉ። አጠር ያለና ቀጠን ያለ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ወርዋሪ አይደለም የሚል ነበር ምክንያታቸው። ፖሊያን ተራ ተንታኝ አይደሉም። በ1998 ኢንዲያናፖሊስን ሲመሩ ፔይተን ማኒንግና ራያን ሊፍ ለንጽጽር ቀርበው ማኒንግን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ሊፍ ወድቆ ቀረ፣ ማኒንግ የዘመኑ ታላቅ ሆነ። በሊጉ የክብር አዳራሽም ስማቸው ሰፍሯል። በዚህ ሙያ ከእሳቸው የላቀ ዓይን አለኝ የሚል ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ስህተታቸውን በጥንቃቄ መመልከት የሚገባው።

ቁመቱን እንውሰድ። በማርች 2018 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ወጣቶቹ ሲለኩ ጃክሰን ከአንድ ሜትር ከ88 ትንሽ በለጠ። በዚያው ቦታ፣ በዚያው መለኪያ ሜይፊልድ አንድ ሜትር ከ85 እንኳ አልሞላም። አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ሜይፊልድ ነው። አንድም ሰው ተቀባይ ሁን አላለውም። ቀጥሎ የውርወራውን ትክክለኛነት እንይ። ጆሽ አለን በዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ቆይታው ከወረወራቸው ኳሶች የደረሱለት 56 ከመቶ ናቸው፤ ከጃክሰን ያነሰ ነው። አለንንም ብዙዎች ተጠራጥረውታል፤ ነገር ግን የእሱ ጥርጣሬ «ይሻሻላል ወይስ አይሻሻልም» በሚል ቆመ እንጂ ቦታ ይቀይር ወደሚል አልደረሰም። ጃክሰን ደግሞ በየዓመቱ ሲሻሻል ታይቷል፤ በመጀመሪያው ዓመት 55 ከመቶ ገደማ የነበረው በሦስተኛው 59 ደርሷል። የተማረውም ቀላል ሥርዓት አልነበረም። የሉዊቪል አሰልጣኝ ቦቢ ፔትሪኖ በ2007 አትላንታን በፕሮፌሽናል ሊግ ያሰለጠኑ ሰው ናቸው፤ ኳርተርባካቸው ሜዳውን አንብቦ ከአንዱ ተቀባይ ወደ ሌላው እንዲሸጋገር ይጠይቁ ነበር። መረጃው ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ነበር። የጎደለው አንዱን በለኩበት ሚዛን ሌላውን መለካት ነው።

ሚዛኑ ለምን ተለያየ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ማርሊን ብሪስኮ በ1968 ለዴንቨር ተሰልፎ 14 የታችዳውን ኳሶች ወረወረ፤ በቀጣዩ ዓመት ባፋሎ ገብቶ ተቀባይ ሆነ፣ ኳርተርባክነቱም በዚያው አበቃ። ዋረን ሙን በ1978 ከኮሌጅ ሲወጣ የሚመርጠው ክለብ ጠፍቶ ካናዳ ሄደ፤ ከኤድመንተን ጋር አምስት ዋንጫ በተከታታይ ካነሳ በኋላ ነው ሂውስተን የጠራው፤ ዛሬ በክብር አዳራሹ ውስጥ አለ። ቶኒ ደንጂ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ነበሩ፤ በ1977 ፒትስበርግ ሲገቡ ተከላካይ ተደረጉ። ሦስቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ደንጂ ከዓመታት በኋላ አሰልጣኝ ሆነው በኢንዲያናፖሊስ ሱፐር ቦውልን ሲያሸንፉ የክለቡ ፕሬዚዳንት ቢል ፖሊያን ነበሩ። ፖሊያን ክፉ አስበዋል እያልኩ አይደለም፤ ደንጂን ቀጥረው ለዓመታት አብረው የሠሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን አንድ ጥቁር ወጣት በፍጥነት ሲሮጥ «ተቀባይ ይሁን» የሚለው ሐሳብ ማንም ሳይጠይቀው ከአፍ የሚወጣ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተለማመዱት ሐሳብ ነበር። ለአለን ያልመጣው ለዚህ ይመስለኛል። አለንም እኮ ፈጣንና ጠንካራ ሯጭ ነው።

የጃክሰን እናት ፌሊሺያ ጆንስ ይህን ቀድመው ያውቁት ነበር። ልጃቸውን ለሉዊቪል ሲሰጡ ከኳርተርባክ ውጭ በሌላ ቦታ እንዳያሰልፉት ፔትሪኖን ቃል አስገብተዋቸዋል። ወደ ሊጉ ሲገባም ወኪል አልቀጠረም፤ ጉዳዩን ከእናቱ ጋር ራሱ ያዘ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ወጣቶች ሁሉ የሚሮጡትን የ40 ያርድ ሩጫም አልሮጠም። ምናልባት በሊጉ ታሪክ ከኳርተርባኮች ሁሉ ፈጣን የሆነው ሰው ፍጥነቱን ለማሳየት እምቢ ማለቱ ብዙዎችን ግራ አጋባ፤ እንዲያውም እንደ ድፍረት ተቆጠረበት። ልጁ ግን የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ያን ቀን ቢሮጥ ኖሮ በማግስቱ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰከንዶቹ ነበር፤ ስለ ክንዱ የሚያነሳ አይኖርም።

አሁን ወደ ባልቲሞር። በእኔ እምነት የዚህ ጉዳይ ዋና ፍሬ ያለው እዚህ ነው፤ ስለ ልጁ ብዙ ተወርቷል፣ ስለተቀበለው ቤት የተወራው ግን ጥቂት ነው። በኖቬምበር 2018 ነባሩ ኳርተርባክ ጆ ፍላኮ ዳሌው ተጎዳ፤ ቡድኑ አራት አሸንፎ አምስት ተሸንፎ ነበር። ጃክሰን ኖቬምበር 18 ከሲንሲናቲ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻው ሲሰለፍ ኳስ የወረወረው 19 ጊዜ ነው፤ ይዞ የሮጠው ግን ከ25 ጊዜ በላይ ነበር። አሸነፉ። ከሰባት ጨዋታ ስድስቱን አሸንፈው ወደ ጥሎ ማለፍ ገቡ። እዚያ ግን ሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ መድኃኒቱን ይዞ መጣ፤ ከባድ ተከላካዮችን አስወጥቶ ሰባት ቀላልና ፈጣን ተከላካዮችን አሰለፈ፣ ጃክሰንን ሰባት ጊዜ መሬት ላይ ጣለው። የገዛ ከተማው ሕዝብ ሜዳው ላይ ጮኸበት፤ ፍላኮ ይግባ የሚሉም ነበሩ። ውጤቱ 23 ለ17 ሆነ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ በዚያ ሳምንት «አልነግራችሁም ነበር?» ያላለ ተንታኝ ጥቂት ነው።

ሌላ ክለብ ቢሆን ልጁን ወደ ተለመደው ቅርጽ ለመመለስ ይሞክር ነበር። አሰልጣኝ ጆን ሃርቦ ግን ፍላኮን ወደ ዴንቨር ሸኝተው፣ የማጥቃት ሥርዓቱን ከመሠረቱ እንዲሠራ ለግሬግ ሮማን ሰጡ። ሮማን በሳን ፍራንሲስኮ ከኮሊን ካፐርኒክ ጋር ሠርቷል፤ የሚሮጥ ኳርተርባክን አያያዝ ያውቃል። ተጠባባቂ ኳርተርባክ ሆኖ አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ ያ ጉልበቱ የተበጠሰው ግሪፈን ነበር። ለጃክሰን በልኩ የተሰፋ ልብስ ማለት ይህ ነው።

ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። ጃክሰን ኳሷን ይቀበልና ከአጠገቡ ለሚያልፈው ሯጭ ሆድ ላይ ያስቀምጣታል፤ ግን አይለቃትም። ለአንድ አፍታ ሁለቱም ይዘዋት አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በጠርዝ ላይ ያለውን አንዱን ተከላካይ ሆን ብለው ማንም አይገፋውም። ጃክሰን የሚያየው ያንን ሰው ብቻ ነው። ሰውየው ወደ ሯጩ ከታጠፈ ጃክሰን ኳሷን ነጥቆ በውጭ በኩል ይሄዳል፤ ባለበት ከቆመ ለሯጩ ይለቅለታል። ተከላካዩ የቱንም ቢመርጥ ይሳሳታል። በተለመደው ጨዋታ ኳርተርባክ ኳሷን ከሰጠ በኋላ ተመልካች ስለሚሆን ተከላካዮች በቁጥር አንድ ይበልጣሉ፤ እዚህ ግን ቁጥሩ እኩል ነው። ይህን ለመሙላት ከኋላ ያሉት ተከላካዮች ወደ ፊት ይጠጋሉ። ሲጠጉ ከጀርባቸው የሜዳው መሐል ይከፈታል። ጃክሰን ደግሞ ከሁሉ አሳምሮ የሚወረውረው ወደ መሐል ነው፤ እዚያ ማርክ አንድሩስን የመሰሉ ረጃጅም ተቀባዮች ይጠብቁታል። ደካማ የተባለበት የዳር ውርወራ ቡድኑ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠይቀው ነገር ሆነ። ተንታኞች «ሩጫው ነው ወይስ ውርወራው?» እያሉ ለሁለት የከፈሉት ነገር አንድ ሥራ ነበር፤ እግሩ ለክንዱ መንገድ ይጠርጋል።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 2019 ካደገበት ከፖምፓኖ ቢች ብዙም በማይርቀው በማያሚ ሜዳ 20 ኳሶችን ወረወረ፤ 17ቱ ደረሱ፣ አምስቱ ታችዳውን ሆኑ። ቡድኑ 59 ለ10 አሸነፈ። ያን ቀን የሮጠው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ «ለሯጭ መጥፎ አይደለም» አለ። በዓመቱ መጨረሻ 36 የታችዳውን ኳሶች ወርውሮ የተጠለፉበት 6 ብቻ ነበሩ፤ የውርወራው ትክክለኛነት 66 ከመቶ ደረሰ። በሩጫ 1,206 ያርድ ሄዶ ማይክል ቪክ በ2006 ያስመዘገበውን የኳርተርባኮች ክብረ ወሰን፣ 1,039ን፣ ሰበረ። ቡድኑ 14 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ። የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሲመረጥ 50ዎቹም ድምፆች ለእሱ ሆኑ፤ ከእሱ በፊት እንዲህ የተመረጠው ቶም ብሬዲ ብቻ ነው። ፖሊያንም ተሳስቻለሁ ብለው በይፋ ተናገሩ። ይህን ማለት ለስመ ጥር ሰው ቀላል አይደለም፤ አከብራቸዋለሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። ጃንዋሪ 11 ቀን 2020 ቴነሲ ባልቲሞር ድረስ መጥቶ 28 ለ12 አሸነፈ። ሬቨንስ ቶሎ በመመራቱ ያ በእግርና በክንድ ሚዛን የቆመ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጃክሰን 59 ጊዜ ለመወርወር ተገደደ፣ ሁለት ኳስ ተጠለፈበት። ይህ የሥርዓቱ እውነተኛ ድካም ነበር፤ መሪነትን ለምዶ የተሠራ ቡድን በነጥብ ወደ ኋላ ሲቀር ይጨነቃል። በ2021 እና በ2022 የውድድር ዘመኖቹን መጨረሻ በጉዳት አጣ። «ሯጭ ይሰበራል» ያሉት ተነሡ፤ ነገር ግን ሁለቱም ጉዳቶች የደረሱት ኳስ ለመወርወር ሲሞክር እንጂ ለመሮጥ ታቅዶ ሲሮጥ አይደለም። በ2023 ከክለቡ ጋር በደመወዝ ተካሮ ልቀቁኝ ብሎ ጠየቀ፤ ኳርተርባክ የጠማቸው ክለቦች እንኳ አንፈልገውም እያሉ በየተራ ሲናገሩ ሰማን። በኤፕሪል ከባልቲሞር ጋር የ5 ዓመት የ260 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በዚያው ዓመት 49 ከ50 ድምፅ አግኝቶ ለሁለተኛ ጊዜ የሊጉ ምርጥ ሆነ።

በ2024 የውድድር ዘመን ደግሞ 4,172 ያርድ ወረወረ፤ 41 ታችዳውን፣ 4 ብቻ የተጠለፉ ኳሶች። ይህ የሯጭ ቁጥር አይደለም፤ ከማንም ንጹሕ ወርዋሪ ጋር የሚወዳደር ነው። በአንድ ዓመት ከ4,000 በላይ ወርውሮ ከ900 በላይ የሮጠም ከእሱ በፊት አልነበረም።

እንግዲህ «ተሳክቶለታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አሁን መልኩን ቀይሯል። ያኔ ኳርተርባክ መሆን ይችላል ወይ ያሉት ዛሬ በጥሎ ማለፍ ማሸነፍ ይችላል ወይ ይላሉ። እስከ 2024 የውድድር ዘመን መጨረሻ በጥሎ ማለፍ ሦስት አሸንፎ አምስት ተሸንፏል፤ መድረክ ላይ ቃል የገባው ሱፐር ቦውል አልመጣም። ይህ መቅረት አለበት አልልም፤ ሊጠየቅ ይገባል። ነገር ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ትክክል አያደርገውም።

ከእሱ በፊት የተጠሩት አራቱ ምን ሆኑ? ሮዘን፣ ከሁሉ ይልቅ ለሊጉ የተዘጋጀ ነው የተባለለት፣ አሪዞና በአንድ ዓመት ውስጥ ለማያሚ ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ የረጋ ቦታ አላገኘም። ሜይፊልድና ዳርኖልድ የመረጧቸው ክለቦች ሰልችተው ከለቀቋቸው በኋላ ነው ሌላ ቤት ገብተው ያንሰራሩት፤ አንዱ በታምፓ ቤይ፣ ሌላው በ2024 ሚኒሶታን ይዞ 14 ጨዋታ በማሸነፍ። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ቤቱ ነው። ሳይለወጥ የቆየላቸው፣ ክለቡ ታግሶ በእነሱ ልክ የሠራላቸው ሁለቱ ናቸው፤ ኳስ አይስቱም ወይ ተብለው በብርቱ የተጠረጠሩት አለንና ጃክሰን።

እነዚህ ሁለቱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 በባፋሎ፣ በረዶ በሚዘንብበት ሜዳ በጥሎ ማለፍ ተገናኙ። ጃክሰን በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ኳስ አስጠለፈ፣ አንድ ኳስ ከእጁ አመለጠው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ግን ቡድኑን ከሩቅ አምጥቶ ለአይዛያ ላይክሊ ታችዳውን ወረወረ፤ ውጤቱ በባፋሎ መሪነት 27 ለ25 ሆነ። እኩል ለመውጣት ሁለት ነጥብ ቀራቸው፤ ከታችዳውን በኋላ በሚሰጠው አንድ ተጨማሪ ሙከራ ሊያገኙት ሞከሩ። ጃክሰን ወደ ቀኝ ሮጠ፣ ተከላካዮቹ ተከተሉት፣ እየሮጠም ወደ ጎሉ መስመር ላከ። ኳሷ አንድሩስ እጅ ላይ አረፈች። አንድሩስ ወደቀ፤ ኳሷም ከእጁ ሾልካ በረዶው ላይ ተንከባለለች።